የጫካ ቡና፦ የዓለም ዋስትና፣ የገበሬው ሸክም

የዓለም ገበያ ቡናን በዋናነት የሚያውቀው በሁለት ስም ነው፤ አረቢካና ሮቡስታ። የቡና ዕፅዋት ወገን ግን ከ120 በላይ ዝርያዎች አሉት። በብሪታንያ የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ጎ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት፣ ከእነዚህ ዝርያዎች 60 ከመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል። ከእነርሱም አንዱ የዱር አረቢካ ነው።

የዱር አረቢካ ዋና መኖሪያ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በላቲን አሜሪካ የሚለማው አረቢካ በአብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ተክሎች የተራባ በመሆኑ፣ በዘር እጅግ የተቀራረበ ነው። እንዲህ ያለው ቡና አዲስ በሽታ ሲነሳ የመቋቋም አቅሙ ውስን ነው። የዛሬዋ ስሪ ላንካ ከ1869 ጀምሮ በቅጠል ዋግ የተመታውን የቡና እርሻዋን ትታ ወደ ሻይ ለመዞር ተገዳለች። በአንጻሩ የቡናን ፍሬ የሚያጠቃው በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጠው ያገኙት ከአገሩ ከራሱ ቡና ነበር። ደኑ ለዓለም ቡና ዋስትና ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

የዋስትናውን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን አከራካሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የተግባር ጊዜው ሁለት ጊዜ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሚገኝ በመረጃ መረጋገጥ አለበት። ለትላልቅ እርሻዎች ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ቡና ከአነስተኛ ገበሬዎች በሚሰበሰብባት ኢትዮጵያ ግን ሥራው ከባድና ወጪ የሚጠይቅ ነው።

ሕጉ ደን የመነጠረውን ይቀጣል፤ ደኑን ጠብቆ ላቆየው ግን በቀጥታ የሚከፍለው ነገር የለም። ገበሬው በማስረጃ እጦት ከገበያ ከተገፋ፣ የጥላ ዛፎቹን ቆርጦ ጫት ወይም በቆሎ ቢተክል አያስገርምም። ያኔ ለደን ጥበቃ የወጣው ሕግ ደኑን ለማጥፋት ምክንያት ይሆናል። በካፋ፣ በያዩና በሸካ የሚገኙት ደኖች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ተብለው ተመዝግበዋል። ምዝገባው ክብር ነው፤ ደኑን ውሎ አድሮ የሚያቆየው ግን ከጥላው ሥር የሚለቀመው ቡና ለገበሬው የሚያስገባው ገቢ ነው።