ፈተናው ለምን ይዋሻል?



ጊት የፕሮግራም ጽሑፍን ለውጥ እየመዘገበ የሚያኖር፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው መሣሪያ ነው። ደኅንነቱ በአብዛኛው የሚመረመረው በሼል በተጻፉ ፈተናዎች ነው። እነዚህን ማጥራት ተራ ሥራ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን አንስማማም።

የጊት ትእዛዝ ውጤቱን በፓይፕ ለቃል ፈላጊው ለግሬፕ ሲያቀብል፣ ሼል የሚጠይቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጊት ቃሉን ጽፎ ወዲያው ቢወድቅ እንኳ ፈተናው «አለፈ» ይላል። ይህም ከቡሬ አሥር አህያ ጭኖ የተነሣ ነጋዴ ዘጠኙ መንገድ ቀርተውበት፣ አንዲቱ ፍኖተ ሰላም ስለ ገባች «ጭነቱ ደኅና ደረሰ» እንደ ማለት ነው! መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፤ ውጤቱን አስቀድሞ በፋይል ማኖር፣ ግሬፕን በፋይሉ ላይ ማዘዝ፣ ትእዛዞቹንም አንዱ ሲሰበር ሁሉ እንዲቆም በድርብ «እና» ምልክት ማያያዝ ነው።

ደግሞም መስመር ለሚቆራረጥበት ለምዕራብ ጎጃም ልጅ ይህ ሥራ ይመቻል። ምንጩ አንድ ጊዜ ከወረደ ፈተናው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ እርማቱ መስመር ሲገኝ በኢሜይል ይላካል። የጊት ሰዎችም በጉግል የበጋ መርሐ ግብር ለሚያመለክቱ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ትንሽ እርማት መግቢያ ሲያደርጉት ቆይተዋል።

ለዕረፍት ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የምትሄዱ፣ ምንጩን እዚሁ አውርዳችሁ ያዙ።