ስለ መኪና ዙር አቈጣጠር

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የምንጽፈው በቤታችን ውስጥ ስለሚዞሩት መኪናዎች አቈጣጠር ነው። ነገሩ ለሞተር ሠራተኛ ብቻ የሚያስፈልግ ቢመስልም፤ ባለማወቅ ገንዘብ የሚጠፋበት፤ ከዚያም በላይ በዘመድ መካከል ቅሬታ የሚገባበት ጊዜ ስላለ፤ አንባቢዎቻችን በትዕግሥት እንዲመለከቱልን እንለምናለን።

የምናውቃቸው አንድ አባት በወጣትነታቸው የሰበሰቧቸው ሸክላዎች አሏቸው። በአሜሪካ የምትኖረው ልጃቸው ይህን ታውቅ ነበርና ከደመወዟ ቈጥባ የሸክላ ማጫወቻ ላከችላቸው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፤ የኛ ግን 220 ቮልት መሆኑን ሰምተው ስለ ነበረ ትራንስፎርመር ገዝተው አገናኙት። ሸክላው መዞር በጀመረ ጊዜ ግን የዘፋኙ ድምፅ ወፍሮ፤ ቃሉም እንደ ታመመ ሰው እየተጐተተ ወጣ። እርሳቸውም «ልጄ የተበላሸ ዕቃ ላከችልኝ» ብለው አዘኑ፤ ልጂቱም ይህን በስልክ በሰማች ጊዜ አለቀሰች። እኛ ሄደን ብናየው ዕቃው ምንም ብልሽት አልነበረበትም፤ የጐደለው ሒሳብ ብቻ ነበር።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። የሚዞር ነገር ሁሉ በሁለት ዓይነት ይቈጠራል። አንደኛው በደቂቃ ስንት ጊዜ ዞረ ማለት ነው። ሁለተኛው በሴኮንድ ስንት ጊዜ ተመላለሰ ማለት ሲሆን ይህ ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ሄርትዝ ነው። ስሙ የተወሰደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1857 እስከ 1894 ከኖረው ከጀርመናዊው ሊቅ ከሄይንሪክ ሄርትዝ ነው።

አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ስለ ሆነ የደቂቃውን ዙር ለ60 ብናካፍለው ሄርትዝ ይሆናል፤ ሄርትዙን በ60 ብናባዛው ደግሞ ወደ ደቂቃው ዙር ይመለሳል። ይኸውም በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር የልብስ ማጠቢያ መኪና 20 ሄርትዝ ነው፤ በደቂቃ 72 ጊዜ የሚመታ ልብ 1.2 ሄርትዝ ነው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላም በሴኮንድ የሚዞረው የዙሩን ሦስት አራተኛ ነው።

አሁን ወደ አባታችን ነገር እንመለስ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የኛ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም። የዚያ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከድግግሞሹ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ሁለት ዋልታ ቢኖረው በአሜሪካ በደቂቃ 3,600፤ በኛ አገር 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ ከስድስት እጅ አንዱን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ 45 ሊዞር የሚገባው ሸክላ 37.5 ብቻ ዞረ፤ የሦስት ደቂቃውም ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ፈጀ።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። በሞተሩ ላይ ቺንጊያውን የሚያዞረው ትንሽ መዘውር ስፋቱ በአንድ አምስተኛ በሚበልጥ ሌላ ቢለወጥ የጐደለው ዙር ስለሚመለስ፤ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ ይህንኑ አበጀላቸው። አባትየውም በዚያው ማታ ለልጃቸው ደውለው ዘፈኑን በስልክ አሰሟት።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ከውጭ አገር ዕቃ ስትገዙ ወይም ዘመድ ሊልክላችሁ ሲያስብ በዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ አስቀድማችሁ አንብቡ። 50/60 ሄርትዝ የሚል ከሆነ በድግግሞሽ በኩል የሚያሰጋ ነገር የለም። 60 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልቱ ቢስተካከልም ሞተሩ ሊዘገይ፤ ከልክ በላይ ሊሞቅና ሊቃጠልም ይችላልና ሳትጠይቁ አታብሩት። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።