«መልቀቂያህን ከሸሸኸው መንግሥት አምጣ»

አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ዋሽንግተን ውስጥ ቀኝ እጁን አንስቶ አሜሪካዊ ሲሆን ፌስቡኩ በ«እንኳን ደስ አለህ» ይጥለቀለቃል። ይገባዋል። የአሜሪካ ሕግ በስደተኝነት ለገባ ሰው ከአምስት ዓመት ኑሮ በኋላ ዜግነት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ወሬው ወደ ቀብሪ በያህ ሲዞር ግን እንኳን ደስታ፣ ጥያቄው ራሱ እንደ ነውር ይታያል።

በጅግጅጋ አቅራቢያ የሚገኘው የቀብሪ በያህ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳን አልፏል። የወላጆቹን አገር ሶማሊያን በወሬ እንጂ በዓይኑ ላያውቃት ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ መወለድ ግን ኢትዮጵያዊ አያደርግም፤ ሕጉ የሚያየው የእናት ወይም የአባትን ዜግነት ነው። ስለዚህ ስደተኛ ሆኖ ይወለዳል፣ ስደተኛ ሆኖ ይወልዳል።

«ሕጉ እኮ ፈቅዷል» የሚሉ አሉ። በወረቀት ልክ ናቸው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011፣ የዜግነት አዋጁን መስፈርት ያሟላ ስደተኛ ማመልከት ይችላል ይላል። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ አራት ዓመት መኖርን፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን፣ በቂና ሕጋዊ ገቢን፣ መልካም ጠባይን ይጠይቃል። በራሽን ለሚኖር ሰው የገቢው ነገር ከባድ ቢሆንም፣ እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል።

ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። አመልካቹ የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቁን ወይም መልቀቅ እንደሚችል፣ አለዚያም ዜግነት የለሽ መሆኑን ማሳየት አለበት። ከኤርትራ ማብቂያ የሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ያመለጠ ወጣት ይህን ወረቀት ከማን ያምጣ? ካመለጠው መንግሥት ኤምባሲ? ስደተኛ ያሰኘው እኮ እዚያ ደጅ መቆም አለመቻሉ ነው!

ተቃዋሚዎች ጋምቤላን ያነሳሉ። ስጋቱ ፈጠራ አይደለም፤ በአኝዋክና በኑዌር መካከል የሕዝብ ቁጥር የሥልጣንና የመሬት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ዜግነት መከልከል የሰው ቁጥር አይቀንስም። ሰዎቹ እዚያው አሉ። ሕጋዊው በር ሲዘጋ የሚከፈተው በጉቦ የቀበሌ መታወቂያ የሚወጣበት የጓሮ በር ነው፤ በዚያ የሚገባውን ደግሞ ማንም አያጣራውም። በማመልከቻ የሚመጣው ግን አንድ በአንድ ይመረመራል።

ታንዛኒያ ሀብታም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1972 ከቡሩንዲ ሸሽተው ለገቡና ለልጆቻቸው በ2007 «ትመለሳላችሁ ወይስ ዜጋ ትሆናላችሁ?» አለች። ከ162 ሺህ በላይ የሚሆኑት ማመልከቻቸው ተቀባይነት አገኘ። መንግሥት መጀመሪያ ከሰፈራችሁ ልቀቁ በማለቱ የምስክር ወረቀቱ እስከ 2014 ዘገየ፤ መስጠቱ ግን አልቀረም። ታንዛኒያም አልፈረሰች።

ትናንት ድንበር የተሻገረ ሁሉ ዛሬውኑ ፓስፖርት ይውሰድ ያለ የለም። ጥያቄው ሁለት ነው፦ እውቅና ያገኘ ስደተኛ የቀድሞ ዜግነቱን በመሐላ መተው ይብቃው፤ እዚህ ተወልዶ ላደገ ደግሞ የራሱ መንገድ ይከፈትለት። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 34 አገራት የስደተኞችን ዜግነት የማግኘት ሂደት በተቻለ መጠን እንዲያቀሉ ይጠይቃል።

ደርግን ሸሽቶ አሜሪካ የገባን ሰው «መጀመሪያ ከደርግ መልቀቂያ አምጣ» ብለውት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስንቱ ዲያስፖራ ዜጋ በሆነ ነበር?