ስደተኛን ሳይሰሙ መፍረድ



የመካ ቁረይሾች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ስጦታ ያስያዟቸውን መልእክተኞች በላኩ ጊዜ ንጉሥ ነጃሺ ከሳሾቹን ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቀ፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ) ስለ ወገኖቻቸው ተናገሩ። ፍርዱ የተሰጠው፣ ስጦታውም የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከታሪኩ የምንማረው የንጉሡን ደግነት ብቻ ሳይሆን የአፈራረዱንም ሥርዓት ነው።

ዛሬስ? የራሳችንን አገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን አገደ፤ በተከታዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ። በ2016 የወጣው አዋጅ ደግሞ ተጓዡ 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ ጠየቀ። ዓላማው ወገንን መጠበቅ ነበር። ይሁንና ከ5ኛ ክፍል ያቋረጠች የገጠር ልጅ ችግሯ በአዋጅ አይቆምም። ሕጋዊው በር ሲዘጋባት የደላላውን በር ታንኳኳለች፤ መንገዷም በጅቡቲና በየመን በኩል ይሆናል። ይህን ለማወቅ እርሷን ቀድሞ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

የጋራ ጥናት የሚባለው ይኸው ነው። ባርባራ ሃረል ቦንድ የተባሉ ምሁር በ1982 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የስደተኞች ጥናት ክፍል መሠረቱ። በደቡብ ሱዳን የተጠለሉ ዩጋንዳውያንን አጥንተው በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍም፣ ስደተኛውን አቅመ ቢስ አድርጎ ርዳታን ከላይ የሚጭነውን አሠራር አጥብቀው ተቹ።

በእንዲህ ያለ ጥናት ስደተኛው ቅጽ ሞልቶ የሚሸኝ አይደለም። ጥያቄውን አብሮ ያወጣል፤ መልሱን አብሮ ይመረምራል፤ ውጤቱም በሚገባው ቋንቋ ተመልሶ ይነገረዋል። የነገረን ምስጢር ደግሞ አማና ነው፤ ስሙ ቢወጣ እርሱንም ቤተሰቡንም ሊያስጠቃ ይችላልና። እኛ ሙስሊሞች ሹራ የምንለው መመካከር ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ብቻ አትፈልጉ፤ ከስደት የተመለሱ ጎረቤቶቻችሁንም ጠይቁ። ወላጆችም፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችውን ልጅ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ከማለታችን በፊት ምን እንዳየች እንስማት። ያልተደፈነ ደመወዝ፣ የተነጠቀ ፓስፖርት፣ የደላላ ውል፣ ሁሉም ለሕግ አውጪው ማስረጃ ነው።

አላህ ሰምተው በፍትሕ ከሚፈርዱት ያድርገን። አሚን!