የገና ዘፈንና የአለቆች ትዕግሥት

የገና በዓል በቀረበ ቁጥር በከተማችን ሱቆችና ሆቴሎች በር ላይ የሚሰማው ዜማ ምን እንደሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ የፈረስ ቃጭልና የበረዶ ዘፈን ነው። የፈረንጆቹ ልደት ታኅሣሥ 16 ቀን አልፎ ባለቤቶቹ ነገሩን መርሳት ሲጀምሩ፥ እኛ ዘንድ ግን ያው ዘፈን እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም እስከ 28 ድረስ ሳይታክት ይቀጥላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ብዙው ሕዝብ የነቢያትን ጾም በሚጾምበት ወራት መሆኑን ስናስበው ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ዛሬ ስለዚሁ ስለ ገና ዘፈንና በላዩ ስለ ተንጠለጠለው ትዝታ ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

በመጀመሪያ ለባዕዱ ዘፈን የሚገባውን ክብር እንስጠው። በዕድሜ ከሚመስሉን መካከል በከተማ ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ «ጂንግል ቤልስ»ን ሳይዘምር ያለፈ ያለ አይመስለንም። ጥጥ በረዶ ተብሎ በተበተነበት የጽድ ቅርንጫፍ ሥር ተሰልፈን፥ የታኅሣሥ ፀሐይ ግንባራችንን እያቃጠለችው፥ ስለ በረዶ ስንዘምር ነው ያደግነው። ከመካከላችን ግን በክረምት ከዝናም ጋር ቆርቆሮ ላይ ከሚንኳኳው በስተቀር ሌላ በረዶ ያየ አንድም አልነበረም። ቃሉም ቢሆን በቅጡ አይገባንም፤ ያልገባንን እያድበሰበስን፥ የገባንን ደግሞ እየጮኽን እናልፈው ነበር። ይሁን እንጂ ዜማው ዛሬም በተሰማ ጊዜ የእናቶቻችን ነጭ ነጠላ ከኋላ መቀመጫ ላይ ተደርድሮ፥ በወረቀት የተጠቀለለው ብስኩት በመምህራችን እጅ ሆኖ ይታየናል። ይህን ትዝታ ማንም እንዲወስድብን አንፈልግም።

በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተን መጻሕፍት ስናገላብጥ ያገኘነው ነገር አስገርሞናል። ጄምስ ፒርፖንት የተባለ አሜሪካዊ ይህን ዘፈን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. ሲያሳትመው፥ አርእስቱ በአንድ ፈረስ ስለሚጎተት የበረዶ ላይ ጋሪ የሚናገር ነበር። በውስጡ ስለ ጌታ ልደት አንድም ቃል የለበትም፤ የበዓሉም ስም አልተነሣበትም። የሚያወራው ጎረምሶች ከኮረዶች ጋር በጋሪ ሲጋልቡ፥ ሲገለበጡና ሲሳሳቁ ነው። እንግዲህ ነገሩ የጨዋታ ዘፈን ነው፤ በሜዳ ላይ ለሚዘፈነው ለኛው የገና ዘፈን የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ነው። አሜሪካኖቹ በጎረምሶቻቸው ጨዋታ አላፈሩበትም፤ ለዓለም ሁሉ አዳረሱት። እኛ ደግሞ የነሱን ጎረምሶች ዘፈን በክብር ተቀብለን፥ የራሳችንን ጎረምሶች ዘፈን «የባላገር ነው» ብለን ከከተማ አስወጣነው።

«ሳይለንት ናይት» የሚባለው ከዚህ ይለያል፤ እርሱ በእውነት የልደት መዝሙር ነው። በኦስትሪያ ኦበርንዶርፍ በምትባል አነስተኛ ስፍራ፥ ዮሴፍ ሞር የተባለ ረዳት ቄስ የጻፈውን ግጥም ፍራንጽ ግሩበር የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ዜማ አውጥቶለት፥ በ1818 ዓ.ም. በልደት ዋዜማ በጊታር ታጅቦ ተዘመረ። የተማሪዎች መኝታ ቤት ሳለን መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት ከአልጋው ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ በአማርኛ የዘመረልን ጓደኛ ነበረ። በክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰዎች ነበርን፤ ሃይማኖታችንም አንድ አልነበረም። ማንም ግን ዝም በል አላለውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ የሚያሠጋው ነገር ያለ አይመስለንም፤ ባለቤት አለውና። በላሊበላ በቤተ ማርያም ቅጥር «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ያየ ሰው ይመሰክራል። ከፊሎቹ ካህናት ከላይ በዓለቱ አፋፍ ላይ፥ ከፊሎቹ ከታች ቆመው በከበሮና በጸናጽል እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። የላዮቹ የመላእክት፥ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ቀኑም የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት ጭምር ስለሆነ ደስታው እጥፍ ነው።

ባለቤት ያጣው የሜዳው ዘፈን ነው። በልጅነታችን ለገና ወደ አያታችን አገር በሄድን ጊዜ ያየነውን እናውጋ። ምሳ ከተበላ በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው አዝመራው በተነሣበት ሜዳ ላይ ተገናኙ። ከእንጨት ጉጥ የተጠረበችው ሩር ከመካከል ተጣለች፤ ከዚያ በኋላ አቧራና ጩኸት ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ማን እንዳሸነፈ አናስታውስም። የማንረሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ «አሲና በል» ሲጀመር፥ ከአገሩ ባለጸጎች አንዱ ተራው ደረሰው። ለእረኛው በዓመት አንድ ልብስ ሊሰጥ ተዋውሎ ሳይሰጠው የቀረ ሰው ነበረ። አውጪው ራሱ እረኛው ነው፤ ዕድሜው ከዐሥራ አምስት አይበልጥም። ስለ ልብሱም፥ ስለ ብርዱም፥ ስለ ሰውዬው ሁለት ካባም እያዋዛ ዘፈነ። ሕዝቡ ተቀበለው። ባለጸጋው ፊቱ ቀላ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን መቆጣት ነውር ስለሆነ መሳቅ ነበረበት፤ ሳቀም። በሚቀጥለው ገበያ ልጁ አዲስ ጋቢ ለብሶ ታየ።

ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን ይህ ልማድ የቆየ ነው። ሎሌ ጌታውን፥ ጭሰኛ ባለመሬቱን በገና ቀን በዘፈን ቢወርፈው አይከሰስም፥ ቂምም አይያዝበትም። አንድ ቀን ብትሆንም የተፈቀደች ቀን ነበረች። ጨዋታው ራሱ ዛሬም አልጠፋም፤ በባህል ስፖርት ውድድር ገብቶ ዳኛና ደንብ ተበጅቶለታል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ዳኛ ያለበት ጨዋታ ዘፈኑን እምብዛም አይፈልገውም፤ እኛን የሚያሳስበን ደግሞ ዘፈኑ ነው።

ለመሆኑ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ገና እንዴት ይከበራል? ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፤ አለቃው ንግግር ያደርጋሉ፤ በድምፅ ማጉያ ያው የፈረስ ቃጭል ይለቀቃል፤ ሠራተኛውም አጨብጭቦ ይበተናል። ያ ሁሉ ወጣት ሹም ስለ ተጓተተው ሥራና በዝምድና ስለ ተሰጠው ዕድገት በልቡ ያለውን ግን በኮሪደር ያንሾካሹካል፤ ማታም ቤቱ ገብቶ በስልኩ ላይ በሐሰት ስም ይሳደባል። ያ እረኛ ፊት ለፊት ቆሞ፥ በስሙና በድምፁ ነበር የተናገረው። ተወራፊውም በቦታው ስለነበረ መልስ የመስጠት መብት ነበረው። በስልክ የሚወረወረው ስድብ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ተሳዳቢው አይታይም፤ ተሰዳቢውም አይስቅም።

ዘፈኑ እንከን አልነበረበትም አንልም። የሰው መልክና የአካል ጉድለት ይነሣበት ነበር፤ ሰፈር ከሰፈር የሚወራረፈውም አንዳንድ ጊዜ በዱላ ይጨርስ ነበር ይባላል። በተለይ በዛሬው ጊዜ የትውልድ ቦታንና ወገንን የሚነካ ግጥም ወደ ሜዳው ባይገባ እንመርጣለን። ሴቶችም ከዳር ሆነው ተመልካች ብቻ የሚሆኑበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም በግጥም የሚያህላቸው ስለሌለ ወንዶቹ የፈሩ ይመስለናል።

እኛ በበኩላችን ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ተነጋግረን ዐሥራ ሁለት የወይራ ዱላ አስቆርጠናል። ሩሯም ተዘጋጅታለች። ግጥም አውጪ እንዳይቸግረን ፈርተን ነበር፤ ነገር ግን በመዝገብ ቤት የሚሠሩ፥ ጡረታቸው የደረሰ አንድ አባት ተገኝተውልናል። ስለ ዘገየው የውሎ አበል ጥቂት ስንኞች አሰናድተው መጨረሳቸውን ትናንት ነግረውናል። ለአለቃችን ግን ገና አልነገርናቸውም።