ዋልያው ዘበኛ አለው፤ የደባርቅ ሰውስ?

በሰላሙ ጊዜ ስሜንን ለማየት የመጣ ፈረንጅ ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽ/ቤት ተመዝግቦ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ተመድቦለት ነበር ተራራውን የሚወጣው። ደግ አሠራር ነው፤ እንግዳ መጠበቅ አለበት። ዋልያውም ዘበኛ አለው፤ ይኑረው። ግን ማታ ተምራ ወደ ቤቷ የምትመለሰው የደባርቅ ልጅ፣ ዳባት ገበያ ውላ የመሸባት እናት ጠባቂያቸው ማን ነው? እግዜርና የጎረቤት ውሻ!

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ፖሊስ አደራጅቶ ሰላም የማስከበሩን ሥራ ለክልል ሰጥቷል። የሰፈር ጸጥታ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ የዕድር መዋጮ አይደለም። በየከተማው የምናየው ግን ሌላ ነው። ነዋሪው ግብሩን ይከፍላል፤ ደግሞ ለሰፈር ዘበኛ በየወሩ ያዋጣል። መቅጠር ያቃተው ሰፈር ዱላውን ይዞ በተራ ሲዞር ያድራል። አዲስ አበባም ቢሆን በየብሎኩ "የሰላም ሠራዊት" ተብሎ በበጎ ፈቃድ የሚያድረው ይኸው ነዋሪ ነው። ለስሙማ "ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ" ይባላል። ማኅበረሰቡስ አለ፤ ፖሊሱ ነው የጠፋው!

"ጦርነት ላይ ነን፣ አቅም የለም" ይሉን ይሆናል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ አማራ ክልል 10 ወር በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በኮማንድ ፖስት ተገዝቷል። ምን ተገኘ? አዋጁ ባበቃ በወሩ፣ ሰኔ 2016፣ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። የኦሮሚያ ክልል "ከ167ቱ 160ውን አስለቅቄያለሁ" ሲል ወላጅ ግን የቤዛ ስልክ እየተደወለለት ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ጎንደር ላይ ታግታ ቤዛ የተጠየቀባት ሕጻን ተገድላ ተገኘች፤ ሕዝቡ እያለቀሰ አደባባይ ወጣ። ታንክ ሰፈር አይጠብቅም። ሰፈር የሚጠብቀው ሌባውን በስሙ፣ እናቲቱን በቤቷ የሚያውቅ ፖሊስ ነው።

ስለ አቅም ካነሳን፣ የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ጸድቋል። በኮሪደር ልማት ስም አዲስ አበባም ጎንደርም የመብራት ምሰሶ ሲተከል አይተናል። መብራት አንጠላም፤ ሌባና ደፋሪ የሚወደው ጨለማን ነው። ግን የት ነው የሚተከለው? የባለሥልጣን መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር ብቻ ነው? ወይስ ሴቶች በሚሄዱበት ኮረኮንች፣ በወንዙ መሻገሪያ፣ በመናኸሪያው ጓሮም ነው?

የሰሜን ጎንደር ዞን ሹሞች እንግዲህ ይመልሱልን። ለደባርቅና ለዳባት ቀበሌዎች ጸጥታ ዘንድሮ ስንት ብር ተመደበ? ከዚያስ ውስጥ ለመብራት ስንት፣ ለሴት ፖሊስ ስንት፣ ለስብሰባ አበልና ለነዳጅ ስንት? ወረቀቱ በየቀበሌው ደጃፍ ይለጠፍና እናንብበው።