«ጥሬ ጨምርላት» የሚባለው ምክር ላሞቻችንን እያሳመመ ነው

በዛሬው ጽሑፌ የሚቀየም ሰው አይጠፋም። መኖ ነጋዴው ይቀየማል፣ አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼም ይቀየማሉ። ይሁን።

«ወተት ቀነሰ? ፉርሽካ ጨምርላት። አሁንም አልጨመረችም? በቆሎ አስፈጭተህ ስጣት።» ይህ ምክር ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር ዓመታት አለፉ። እኔም ስናገረው ኖሬአለሁ። አንድ አባወራ ዲቃላ ላማቸው በወለደች ሳምንት «ምን ልስጣት?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ጥሬ አታሳንሱባት» ብዬ አለፍኩ። ስንት ኪሎ፣ በስንት ጊዜ፣ ከምን ጋር የሚለውን አልነገርኳቸውም። እሳቸው እንደ አራስ ሊጠግኗት የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ በባልዲ ያቀርቡላት ጀመር። ድርቆሽ ተወዶ ስለነበር እሱን ቀነሱ። መጀመሪያ ወተቱ ጨመረ፣ አመሰገኑኝም። በሁለተኛው ወር ላሟ አንድ ቀን ትበላለች፣ አንድ ቀን ትተዋለች። እበቷ ቀጠነ፣ አረፋ ያዘ፣ ያልተፈጨ በቆሎ ይታይበት ጀመር። ከዚያ ማነከስ መጣ። መጨረሻዋ ለሥጋ መሸጥ ሆነ። ስትታረድ ጉበቷ ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ተገኘ። ሰውየው ዛሬም «ዓይን በላት» ነው የሚሉት። እኔ ግን ምን እንደበላት አውቃለሁ።

የላም ጨጓራ እንደኛ ሆድ አይደለም። ውስጡ ሣሩን የሚያብላሉላት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ሞልተውታል። ሣርና ድርቆሽን ቀስ ብለው ያብላሉታል፤ የተፈጨ ጥሬ ሲያገኙ ግን ይሻሙበታል። በፍጥነት ሲብላላ አሲድ ይበዛል። ያንን አሲድ የሚያበርደው የላሟ ምራቅ ነው፤ ምራቋ ውስጥ ተፈጥሮ ያስቀመጠው ቢካርቦኔት አለ። ድርቆሽ በደንብ የምትበላ ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች። ምራቁ የሚመነጨው ግን ስታኝክና ስታመሰኳ ነው። ዱቄት ደግሞ ምኑ ይመሰኳል? ለዚህ ነው ጥሬ ሲበዛና ድርቆሽ ሲያንስ ጉዳቱ ድርብ የሚሆነው፦ አሲዱ ይጨምራል፣ ማብረጃው ይቀንሳል።

በጤናዋ ጊዜ የጨጓራዋ ፒኤች ከ6 እስከ 7 አካባቢ ነው። ከ6 ሲወርድ ሣር የሚያብላሉት ሕዋሳት ይደክማሉ። በየቀኑ ለሰዓታት ከ5.6 በታች ከቆየ በሽታ ነው፤ ግን ድብቅ በሽታ ነው። ላሟ ቆማ ትበላለች፣ ትታለባለች፣ ውስጧ ግን እየተቃጠለ ነው። የሚሞቱት ባክቴሪያዎች ከአካላቸው መርዝ ይለቃሉ። አሲድ የላጠው የጨጓራ ግድግዳ ይቆጣና መርዙንም ጀርሙንም ወደ ደም ያሳልፋል። ከጨጓራ የሚነሳው ደም መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ላይ ነው፤ ያ መግል የመጣው ከዚያ ነው። በዚህ ዓይነት ብግነት፣ ማለትም የሰውነት ቁጣ፣ ከጨጓራ አልፎ መላ አካሏን ይይዛል። በሰኮናዋ ውስጥ ያለው ሥጋም ሊቆጣ ይችላል፣ ታነክሳለች። ለወተት መዋል የነበረበት መኖ ሰውነቷ ለሚያደርገው ትግል ይውላል።

ይህንን ከእኛ ቀድመው የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ወተቱ እንስራ ሞልቶ፣ ሲናጥ ቅቤው ያንሳል። ቡዳ ከመጠርጠራችሁ በፊት ግርግሙን ተመልከቱ፦ ዱቄት ብቻ ነው ወይስ ድርቆሽም አለበት?

«ፈረንጅ ላሙን በጥሬ አይደለም እንዴ የሚቀልበው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይቀልባል፤ ግን በሚዛን ለክቶ፣ ከተከተፈ ሣርና ከገፈራ ጋር ቀላቅሎ ነው። እንዲያም ሆኖ ይኸው በሽታ እዚያም አለ። እኛ የወሰድነው ባልዲውን ነው፤ ሚዛኑን እዚያው ትተነው መጣን።

«ታዲያ ጭድ ብቻ ሰጥቼ 15 ሊትር ላገኝ ነው?» አታገኝም። ጥሬ ጨርሶ ያላገኘች ዲቃላ ላም ትከሳለች፣ ኮርማ ሳትፈልግ ትከርማለች። ጠቤ ከመጠኑና ከጥድፊያው ጋር ነው። መኖ ነጋዴው በመጋዘኑ ያለውን ይመክራል፣ አልፈርድበትም። የምፈርደው በእኛ በባለሙያዎቹ ላይ ነው። ሪፖርታችን ላይ የሚሞላው የወተቱ ሊትር ነው፤ ላሟ ስንት ጊዜ ወለደች፣ ስንት ዓመት ቆየች የሚል ሣጥን የለውም።

እንግዲህ እኔ አሁን የምለው ይህን ነው። ላሟ በቀን ከምትበላው ደረቅ መኖ ቢያንስ ግማሹ ድርቆሽ፣ ሣር ወይም ጭድ ይሁን። ድርቆሹ ይቅደም፣ ጥሬው ይከተል። ለሚታለብ ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ገደማ የተመጣጠነ መኖ ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ ግን ከ2 ኪሎ ተኩል አትለፉ፣ ለሦስትና ለአራት ጊዜ ከፋፍሉት። በጣሳ ከመገመት አንድ ጊዜ በሚዛን ለክታችሁ ጣሳው ላይ ምልክት አድርጉ። በቆሎው ሽርክት ይሁን፣ ዱቄት አይሁን። ከወለደች በኋላ ጥሬውን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ጨጓራዋ መልመድ አለበት። ከበዓል የተረፈ ሊጥና ዳቦም ያው ጥሬ ነው፣ በአንዴ አትድፉላት። ጎተራ ገብታ እህል የበላች ላም ካለች ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በአንድና በሁለት ቀን ልትሞት ትችላለችና በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ዛሬ ማታ ከራት በኋላ የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ በረት ግቡ። ካልበሉትና ካልቆሙት፣ ከተኙት ላሞች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እያመሰኩ መሆን አለባቸው። አንዷን ምረጡና አንድ ጉርሻ ስንት ጊዜ እንደምታኝክ ቁጠሩ፤ ከ50 በታች ከሆነ ድርቆሽ አንሷታል። ጠዋት ደግሞ እበቷን ፎቶ አንሱና ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።